አካኮ «ግን» ያሉበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ አቃቂ በሰቃ በሚገኘው አሮጌ ቤታችን መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቴሌቪዥኑ ዝም ሲል አያቴ ተረት ይጀምሩልናላ። አካኮ ነበር የምንላቸው፤ በኦሮምኛ ወንድ አያት ማለት ነው። ከተማው ሳይደርስባቸው እዚያው አካባቢ ያርሱ ነበር። እናቴ የከሰል ምድጃውን ወደ መሃል ታስጠጋለች፣ ሻማው በተገለበጠ ጣሳ ላይ ይተከላል፣ የአካኮ ጥላ ግድግዳው ላይ ይገዝፋል፤ ያኔ እኔና ታናሽ እህቴ አንድ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልለን፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ አፍ አፋቸውን እናይ ነበር።

አምስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት አካኮ ታመሙ። ስትሮክ ነው ተባለ። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ንግግራቸውም ጠፍቶ ነበር። የቀሯቸው «ውይ» እና «እሰይ» ብቻ ናቸው። ምግብ ሲቀርብላቸው «እሰይ»፣ ማንኪያው ሲወድቅባቸው «ውይ» ይላሉ። ሐኪሙ ሌላው ቃል ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብሎ ነበር። እናቴ ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ፤ የምታናግራቸው በምልክት ሆነ።

በዚያው ሰሞን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ኮንጃንክሽንና ኢንተርጄክሽን አስተማሩን። «ኢንተርጄክሽን ስሜት ነው፤ ‹ኦ› ወይም ‹ዋው› ብሎ ብቻውን ይቆማል» አሉ። «ኮንጃንክሽን አያያዥ ነው። ‹ኤንድ›፣ ‹በት›፣ ‹ቢኮዝ› ያለ ሰው ገና የሚቀጥል ሐሳብ አለው ማለት ነው።» ሸመደድኩት እንጂ አልገባኝም ነበር።

በፈተናው ዋዜማ፣ ገና ሲመሽ መብራት ጠፋ። ደብተሬን አጠፍኩና አካኮ እግር ሥር ተቀመጥኩ።

«አካኮ፣ ዛሬ እኔ ልንገርዎት» አልኳቸው።

ብዙ ጊዜ የነገሩንን የጥጃዋን ተረት ጀመርኩ። ጥጃዋ ወንዝ ተሻግራ ሣር ስትግጥ ዝናብ መጣና ወንዙ ሞላ፤ እሷ ማዶ፣ እናቷ ወዲህ ቀሩ። «ውይ» አሉ አካኮ። ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ፣ ጥጃዋም ፈርታ ልትገባበት ሆነ… እዚያ ላይ የሚቀጥለው ጠፋኝ። አካኮ ግራ እጃቸውን ከጉልበታቸው አነሱ።

«ግን…» አሉ።

እናቴ የምትወለውለው ብርጭቆ እጇ ላይ ቀረ። አስተማሪያችን ያሉት ያኔ ነው የገባኝ። «ውይ» ብቻውን ይቆማል፤ «ግን» ያለ ሰው ገና የሚለው አለው። ተረቱ አካኮ ውስጥ ሙሉውን ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እናቴ ልታግዛቸው አፏን ስትከፍት፣

«እማዬ፣ ቆይ፤ እየመጣ ነው» አልኳት።

ግንባራቸውን አላበው። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ከሰሉ ቷ ቷ ሲል ይሰማ ነበር።

«ግን… እናቷ… ጠራቻት።»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አካኮ ከዚያ በኋላም አንድ ሙሉ ተረት በራሳቸው ነግረውን አያውቁም። ቀስ በቀስ «እና»ን፣ ቆይቶም «ስለዚህ»ን አገኙ፤ እኔ እየተረክሁ እሳቸው እያያያዙ ብዙ አመሸን። እናቴም በምልክት ማውራቷን ተወች። ዛሬ አካኮ በሕይወት የሉም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትምህርት ተምሬያለሁ፣ እንደዚያች አንዲት ቃል ያስደነቀኝ የለም። አሁንም ሰው ንግግሩን «ግን» ላይ አቁሞ ዝም ሲል አላቋርጠውም፤ ከኋላዋ ምን እንደተቀመጠ አላውቅምና እጠብቃለሁ።