ከሚካኤል እግር ሥር

የያዙኝ በእጅ ጽሑፌ ነው። ከነፋስ ስልክ እስከ መካኒሳ ያለ ሥጋ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ልብስ ሰፊ ሁሉ ታፔላውን የሚያስጽፈው እኔ ዘንድ ነበር። ከአጎቴ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምሬ፣ በቅዱሳን ብቻ ቤት መምራት አልሆን ሲለኝ ወደ በሬና ወደ ብርሌ ዞርኩ፤ ትንሽ ሱቅም ከፈትኩ። ተማሪዎች ለሰልፍ የሚይዙትን ጨርቅ ጻፍልን ብለው ሲለምኑኝ፣ ያንኑ እግሩ ጠምዘዝ የሚለውን ፊደሌን ጻፍኩላቸው። ሌላ መጻፍ አልመጣልኝም። ፖሊሶቹ ጨርቁን ይዘው ከሱቄ ማዶ ካለው ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሙ፣ ቀና ብለው ታፔላውን አዩ፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ወደ እኔ መጡ። ሥራዬ ይህን ያህል መታወቁን ያን ቀን አልወደድኩትም።

ያሰሩን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በነበረ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነው። ክፍላችን ያልለፋ ቆዳ ይሸታል። ከፍ ብላ በተሠራች አንዲት መስኮት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ትገባለች። አብረውኝ የነበሩት አንድ ሽማግሌ የላፍቶ ገበሬ ናቸው። መሬቴን በፈቃዴ ለቅቄአለሁ በሚል ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን እንዲያሳርፉ ቢታዘዙ፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከትተው እምቢ አሉ። የግቢው አዛዥ የነበረው መቶ አለቃ ይህን እንደ ንቀት ቆጥሮባቸዋል።

ሠዓሊ መሆኔ ሲታወቅ ሱቄ እስር ቤት ድረስ ተከተለኝ። ቀለሜንና ብሩሾቼን ከቤት አስመጡልኝ። ዘበኞቹ የእጮኞቻቸውን ፎቶግራፍ እያመጡ ሣልልን ይሉኝ ጀመር፤ ክፍያው ሳሙና ወይም ስኳር ነው። ጥርሷ ገጠጥ ያለችውን ገጠም፣ ፊቷ የከሳውን ሞላ አደርጋለሁ። ገበያው ደራ ብዬ በራሴ እቀልድ ነበር።

አንድ ጠዋት መቶ አለቃው አስጠራኝ።

«ለኅዳር ሚካኤል ሥዕል እፈልጋለሁ» አለኝ። «ከእግሩ ሥር ያለው ሰይጣን የዚያን ሽማግሌ መልክ ይያዝ። ሚስትህ ሴት ልጅ ተገላግላለች አሉ። ሥዕሉ ከደረሰ በበዓሉ ቀን ሕፃኗን ይዛ ትገባለች።»

«እሺ ጌታዬ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንዴት ፈጥኖ እንደወጣ ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

በእኛ አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የሚሣለው፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ሰይጣንና ኃጢአተኛ ግን በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ሸለብ ሲያደርጋቸው በጎናቸው አየኋቸውና ለሥዕሉ በሰጡኝ ጣውላ ላይ በከሰል ነደፍኩ። መልኩ ቶሎ መጣልኝ። ቀና ስል ነቅተው ከኋላዬ ቆመዋል።

«እኔ ነኝ?»

«አዎ አባባ።»

«ታዲያ ሌላኛው ዓይኔስ?» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ታዝዤ ነው። ከጨረስኩ ልጄን ያሳዩኛል።»

«ወለደችልህ? ምን?»

«ሴት።»

«እሰይ! ታድግልህ» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ከሰሉን በእርጥብ ጨርቅ አጠፋሁት። ሰው የራሱን ጎን አይቶ አያውቅምና ብቻዬን የማልችለው ሥራ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትመጣ ጎኔን ሰጥቼ ቆምኩና የፊቴ ጥላ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«አባባ፣ በዚህች ከሰል ጥላዬን ዳር ዳሩን ይከተሉልኝ።»

«እኔ ማረሻ እንጂ ይሄን ይዤ አላውቅም» አሉ፤ ግን ከሰሏን ተቀበሉ። ያ የከለከሉት አውራ ጣት ጠቆረ። ግንባሬን ጨርሰው «አፍንጫህስ ጎባጣ ኖሯል» ብለው ሳቁ። ከዚያ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ እጃቸው ቆመ።

«ተው ልጄ፣ ልጅህን እይ።»

«ቶሎ ይበሉ አባባ፣ ፀሐይዋ እየሄደች ነው።»

መቶ አለቃው ሥዕሉን ትኩር ብሎ አየ፤ ከዚያ እኔን።

«ይሄ ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ያዘዙኝ መልክ ለሰይጣን አልሆን አለኝ።»

በጥፊ መታኝ፤ ቀለሙም ብሩሹም ተወሰደ። በኅዳር ሚካኤል ዕለት ከአጥሩ ውጭ የሕፃን ልቅሶ ሰማሁ። ሚስቴን ከበር እየመለሷት ነበር። ልቅሶው እየራቀ እስኪጠፋ ድረስ ሽማግሌው ክንዴን ይዘውኝ ቆዩ።

«ጉሮሮ አላት» አሉኝ ቀስ ብለው።

ብዙም ሳይቆይ እሳቸውን ወሰዷቸው። የት እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ተፈትቼ ልጄን ያየኋት በእግሯ መሄድ ከጀመረች በኋላ ነው፤ ፈርታኝ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ዛሬ መካኒሳ ያለውን የሥዕል ሱቅ የምታስተዳድረው እሷ ናት። ሚካኤል ሲታዘዝ ሰይጣኑ ለምን ጎባጣ አፍንጫ እንዳለው ደንበኞች ይጠይቋታል። «የአባቴ ነው» ትላቸዋለች፤ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ሽማግሌውን ፊት ለፊት፣ ከሁለት ዓይናቸው ጋር ልሥላቸው ስንት ጊዜ ጣውላ አዘጋጅቻለሁ። ላፍቶ እርሻቸው የነበረበት ሰፈር ሄጄ ቁጭ ብዬም ሞክሬአለሁ። እጄ የሚያስታውሰው ግን ያን ቀን ሸለብ ሲያደርጋቸው የነደፍኩትን ጎናቸውን ብቻ ነው።