የወንድሟ ሹራብ

ስዊድን ውስጥ፣ ከጎተንበርግ ወጣ ብሎ ባለ ትንሽ ሆስፒታል፣ ከጎኔ የተኛችው አሮጊት በታካሚ ሸሚዟ ላይ ክርኑ የተጣፈ ሰፊ የወንድ ሹራብ ደርባለች። ነርሶቹ ይታጠብ ሲሏት «መጀመሪያ እጄን ቁረጡ» ትላለች። ገንፎዋን ጥርግ አድርጋ ስትበላ ከላዩ የሚደረገውን ቀይ ማርማላታ ወደ ዳር ትገፋዋለች።

«የባልሽ ነው?» አልኳት፣ ሹራቡን እያየሁ።

«የወንድሜ የሩኔ። ቀዶ ጥገና ላይ ደሙ ፈሶ አለቀ። የረጋ ደም ተመልሶ እንዳይሟሟ የሚያደርግ መድኃኒት አለ፤ ሐኪሙ ግን ‹እኔ ስሠራ ማን ይደማል!› ብሎ ከለከለው።»

እዚህ አገር ሐኪሙም ዘበኛውም የሚጠራው በስሙ ነው፤ ማዕረግና አንቱታ ሰውን ማራቂያ ነው። ጉልበቷን በቀዶ ጥገና የሠራላት ቶርስተን ጠዋት ተማሪዎቹን አስከትሎ ሲገባ ግን፣ «እንደምን አደሩ፣ ዶክተር» አለችው። ምራቅ ብትተፋበት ይሻለው ነበር።

«የደሙን መድኃኒት ሰጥተውኛል?»

«አዎ፣ ለሁሉም እንሰጣለን።»

«ጮክ ይበሉ፣ ልጆቹም ይስሙ።»

«ለሁሉም እንሰጣለን!»

ብርድ ልብሱን ገለጠች። የቀኝ ጉልበቷ ፋሻ ጠብታ ደም አልነካውም።

«ለወንድሜ ለሩኔስ?»

ቶርስተን ሹራቡን አየ፤ አንገቱ ድረስ ቀላ። ተማሪዎቹ መሬት መሬት አዩ።

«ሌላ ሐኪም ብትመርጪ ይሻልሽ ነበር» አላት በቀስታ።

«ምን በወጣኝ!» አለች፣ ሹራቡን እስከ አገጯ እየሳበች። «ግራውንም ጉልበቴን ለእርስዎ ነው ያስቀመጥኩት።»