ዓርብ ብቻ ልክ የነበረው ቆጣሪ

ባለቤቴ ጀምበሬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የሠራው የጋዝ ቆጣሪ እስካሁን በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ ሐጅ ዩሱፍ ባለው ቤታችን፣ ቁም ሣጥኑ ሥር ተቀምጧል።

ባሕሪ ከተማ ውስጥ በአንድ የሴራሚክ ፋብሪካ ዐሥራ አንድ ዓመት የመሣሪያ ጠጋኝ ነበር። ወደ ምድጃዎቹ የሚሄደውን ጋዝ የሚለካው አሮጌ ቆጣሪ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር ነበረው፤ አቧራ ሲገባው ይቆማል። በ2006 ዓ.ም. ጀምበሬ የማይሽከረከር ልሥራ ብሎ ተነሣ። ቧንቧው ላይ በሰያፍ፣ ፊት ለፊት፣ ድምፅ የሚልኩና የሚቀበሉ ሁለት ትንንሽ ክቦች ገጠመ። ድምፃቸው ለሰው ጆሮ አይሰማም። ለእኔ በጀልባ እየመሰለ ነበር የሚያስረዳኝ።

«ከወንዙ ጋር ስትወርጂ ቶሎ ትደርሻለሽ፤ ሽቅብ ስትመጪ ትዘገያለሽ። ልዩነቱ የውኃውን ፍጥነት ይነግርሻል። ድምፅም በጋዝ ውስጥ እንደዚያው ነው።»

አለቃው ኢንጂነር ኦመር፣ በአገሩ አጠራር «ባሽሙሐንዲስ» የሚሉት፣ ቀን ቆረጠለት። እስከ ረመዳን ልክ ከለካ የእሱ ይተከላል፤ ካልሆነ ከውጭ ይታዘዛል።

አገሩ የሙስሊም ነውና ዓርብ ፋብሪካው ይዘጋል። ሌሎቹ ሲያርፉ ተረኛው ጀምበሬ ነው፤ በምትኩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ስለዚህ ሙከራውን ሁሉ ዓርብ ዓርብ፣ ብቻውን አደረገው። ከታንኩ የጎደለውን ከቆጣሪው ጋር ያስተያያል። አራት ዓርብ ልክ መጣለት። ቅዳሜ ኢንጂነሩን ጠራ፤ ቁጥሩ ሲዘልና ሲጠፋ ዋለ።

«ትናንት ይሠራ ነበር አላልክም?»

«ወላሂ ይሠራ ነበር፣ ባሽሙሐንዲስ!»

የምድጃ ሠራተኛው ተውፊቅ፣ የወሎ ሰው ነው፣ ከት ብሎ ሣቀ። «አንተ እሑድን ታከብራለህ፤ ማሽንህ ግን ጁምዓ ነው የሚወደው!»

ሦስት ሳምንት ፈታው፣ ገጠመው። ድምፁ በብረቱ በኩል እንዳያልፍ ያስገባውን ጎማ ለወጠ፤ ሽቦውንም ለወጠ። ራት የምንበላው ቆጣሪውን ገፋ አድርገን ነበር። 

በመጨረሻ የተውፊቅ ቀልድ ትዝ አለው። ዓርብ የሚሞቀው አንድ ምድጃ ብቻ ነው፤ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ቫልቭ እምብዛም አይከፈትም። በሥራ ቀን አራቱም ምድጃዎች ሲስቡ ቫልቩ ያፏጫል፤ ከፉጨቱ ጆሯችን የማይሰማው ክፍል የክቦቹን ድምፅ ይውጠዋል። ቆጣሪው የተተከለው ደግሞ ከቫልቩ ሁለት እርምጃ ብቻ ርቆ ነው። ጀምበሬ በዓርብ ጸጥታ የመረጠው ቦታ።

«ከግድግዳው ወዲያ እናዛውረው፣ ባሽሙሐንዲስ። ሁለት መታጠፊያ ካለፈ ፉጨቱ ይደክማል።»

«ለአንድ ቆጣሪ ግድግዳ ላፍርስልህ?»

«አንድ ቀን ብቻ ስጠኝ።»

«ኻላስ ጀምበሬ፣ አበቃ። ረመዳን ገባ።»

የውጭው መጣ፤ እዚያው ቦታ ተተከለ። የእሱም ቁጥር ቅዳሜ ዘለለ። የሻጩ ድርጅት ባለሙያ መጥቶ ግማሽ ቀን አየና፣ ከሁለት መታጠፊያ ወዲያ ውሰዱት አለ። ግድግዳው በዚያው ሳምንት ፈረሰ። መዶሻውን የያዙት ጀምበሬና ተውፊቅ ነበሩ።

«አሁንማ ያንተን አንሞክርም?» አለው ተውፊቅ።

«ቦታው ተይዟል።»

ያን ቀን ቆጣሪውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሪክሻ፣ በባጃጅ፣ አመጣው። ሾፌሩ ምንድን ነው ቢለው፣ የቤት ዕቃ ነው አለው። ቁም ሣጥኑ ሥር ያስገባው ራሱ ነው። ቤት ስጠርግ አነሣዋለሁ፤ ከባድ ነው፤ መልሼ እዚያው አስቀምጠዋለሁ።