ጸበል ነው እንጂ ውሃ አይደለም

የያዙኝ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ካለው ሱቄ ነው። ለአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እያሳየሁ ሳለ ፖሊሶች ገቡ። ወንዶቹ በር ላይ ቆሙ፤ ሴቷ ሻርፔን ከአንገቴ ላይ ጨብጣ በሰው መሃል እየጎተተች አወጣችኝ። ጥፋቴ ፌስቡክ ላይ የጻፍኩት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ከሰፈራችን የታፈሱት ልጆች ለምን ፍርድ ቤት አይቀርቡም ብዬ ነበር። መልሱን ሳላገኝ እኔም ተጨመርኩባቸው።

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የሚባል ነገር የለውም። የድሬን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ሰው ላይ አልነበረም፤ ጥግ ላይ ንጹህ ነጠላ የለበሰ ቢጫ ጀሪካን ላይ ነው።

«እሱን እንዳትነኪ» አለችኝ አጠገቡ የተቀመጠች ትልቅ ሴት። «የቁልቢ ጸበል ነው።»

እማማ እንላት ነበር። ድሬ ስለሆንን አንቱ የሚላት አልነበረም፤ እሷም አትፈልገውም። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሞቷል። ፖሊሶቹ የሚፈልጉት ልጇን ነው። ሲያጡት እሷን ይዘው መጡ። «ልጅሽ እጁን ሲሰጥ ትወጫለሽ» ብለዋታል። ልጇ የት እንዳለ ታውቅ እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅናትም።

ማንም ሳይሾማት የክፍሉ አለቃ ሆና ነበር። ሕጓም ብዙ ነው። የወር አበባ የመጣባት ሴት ወደ ጸበሉ ጥግ አትጠጋም። ረቡዕና ዓርብ ከቤት የመጣ ወጥ ቅቤ ከሸተታት ለሙስሊሞቹ ይተላለፋል፤ የወጡ ባለቤት ብትራብም ባትራብም። ማታ ደግሞ ከትንሿ መጽሐፏ ታነብልናለች። የምታነበው ሁልጊዜ ያንኑ፣ ለሹማምንት መታዘዝ እንደሚገባ የሚናገረውን ነው።

«አቦ እማማ፣ ያሰሩሽ እኮ ራሳቸው ሹማምንቱ ናቸው» አልኳት አንድ ማታ።

«ታዲያ ታዘዝኩ አይደል? ይኸው ታስሬ ተቀምጫለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ተናደድኩ። በር ከውጭ ተቆልፎብን፣ ቆላፊውን አክብሩ የሚል ስብከት በየማታው መስማት አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

አብራን የታሰረች የምታጠባ ሙስሊም ሴት ነበረች። ከቢዮ አዋሌ ገጠር ወተት ልትሸጥ መጥታ መታወቂያ አልያዝሽም ብለው አፍሰው ያመጧት ናት። አማርኛዋ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አታወራም። ሕፃኗን ታቅፋ በሩን ስታይ ነው የምትውለው።

አንድ ቀን የግቢው ቧንቧ ጠዋት ጥቂት አንጎራጎረና ዝም አለ። ዳቦ በልተን ነበር፤ የምናወራርድበት ጠፋ። ተረኛዋ ያቺው እኔን የጎተተችኝ ፖሊስ ነበረች። «የውሃ ቦቴ እየመጣ ነው» አለችን። እኩለ ቀን አለፈ፤ ቦቴው አልመጣም። ቆርቆሮው እየጋለ ጠሽ ጠሽ ይላል። ሕፃኑ ጡት ይይዛል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ያለቅሳል። በኋላ አፉን እየከፈተ ድምፅ የማያወጣ ሆነ። እኔን ያስደነገጠኝ ያ ነው።

«እማማ፣ ለእሷ አንድ ኩባያ ቅጂላት» አልኩ።

«ጸበል ነው እንጂ ውሃ አይደለም።»

«ውሃም ነው እኮ!»

«በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው። እሷ በልታለች። ደግሞም…» ብላ ተወችው።

ያልጨረሰችውን ሁላችንም ሰማነው። ሴትዮዋም ገብቷታል፤ ሻሿን አስተካክላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

መጽሐፉን ሳላስፈቅድ ከእማማ ጉልበት ላይ አነሳሁት። ለተጠማ ስለማጠጣት፣ የታሰረን ስለመጠየቅ የሚናገረውን ቦታ ፈልጌ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ይሄን ለምን አንድም ቀን አላነበብሽልንም?» አልኳት።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ወደ ፊተኛው ገጽ መልሺው» አለች። «ጠላትን ስለመውደድ የሚለው አለ። እሱንም ጮክ ብለሽ አንብቢው።»

መጽሐፉን ከደንኩት።

«ያቺ ፖሊስ በየጠዋቱ እንዴት አደራችሁ ትላለች። ሌሎቻችን እንመልሳለን፤ አንቺ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። ሁላችንም ደስ የሚለንን ነው የምናነበው፣ ልጄ። አንቺም ያው ነሽ።»

ደሜ ፈላ። ሻርፑ አንገቴ ላይ የተወው መስመር ገና አልጠፋም። ሕፃን ፊታችን እየደረቀ እኛ ጥቅስ እንማዘዛለን! ከዚህ የበለጠ የሚያናድደኝ ደግሞ የተናገረችው እውነት መሆኑ ነበር።

«እሺ፣ ሰላም ካልኳት ትቀጂያለሽ?»

«በማተቤ።»

በሩን ደበደብኩ። ትንሿ መስኮት ተከፈተች፤ ፖሊሷ አየችኝ።

«ምንድነው?»

«እንዴት ዋልሽ?»

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምንም። እንዴት ዋልሽ ነው ያልኩሽ።»

አተኩራ አየችኝ። የእሷም ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«እግዜር ይመስገን» አለች በመጨረሻ። «ወላሂ እኛም ጋ ውሃ የለም። ቦቴው ነገ ነው አሉ።» መስኮቷን ዘጋችው።

ልቤ አልቀለለኝም፤ እንዲያውም አፌ መረረኝ። የወጣኝ ሰላምታ ባዶ ቃል ነበር። እማማ ግን ስለ ልቤ አልጠየቀችኝም። ነጠላውን ገፈፈች፤ አማተበች፤ ጀሪካኑን አዘንብላ ኩባያውን ሞላችና ለሴትዮዋ ዘረጋችላት።

ሴትዮዋ ሕፃኑን ለእኔ ሰጠችኝና ኩባያውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ይዛው እማማ ፊት ተንበረከከች።

«ዱራ አቲ ዱጊ» አለቻት። መጀመሪያ አንቺ ጠጪ ማለቷ ነው።

«ኛዴራ» አለች እማማ በኦሮምኛ፤ በልቻለሁ።

«አኒስ ኛዴራ» አለች ሴትዮዋ። እኔም በልቻለሁ።

ያኔ ነው የገባኝ። እማማም ጠዋት አብራን ዳቦ በልታለች። ሕጓ እሷንም ስለያዛት ቀኑን ሙሉ ከሞላ ጀሪካን አጠገብ በውሃ ጥም ስትቃጠል ውላለች። እኔ ለንዴቴ ብቻ ዓይን ስለነበረኝ ከንፈሯን አላየሁትም። ሴትዮዋ ግን አይታታለች። የገዛ ልጇ በጥም ዝም ብሎ እያለ ኩባያውን ወደ አፏ ሳታስጠጋ ጠበቀች። «አቦ እማማ፣ ሕፃኑ!» ብዬ ጮህኩ።

እማማ ጠጣች። ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ሌባ ቶሎ ጎንጨት አድርጋ መለሰችላት። ሴትዮዋ «ቢስሚላህ» ብላ ቀሪውን ጨረሰችው። ከሁለተኛው ኩባያ እማማ ራሷ ጣቷን እየነከረች የሕፃኑን ከንፈር አራሰች። ከዚያ ለሁላችን ተቀዳ። ለብ ያለ፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚል ውሃ ነበር።

በማግስቱ ቦቴው መጣ። ማታ እማማ መጽሐፏን ገለጠች። አሁንስ ሌላ ነገር ታነብልናለች ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። ያንኑ፣ ለሹማምንት ታዘዙ የሚለውን አነበበችልን። ጭንቅላቴን ከግድግዳው ጋር ማጋጨት ቀረኝ።

አንድ ቀን ያለ ክስ፣ ያለ ማብራሪያ ውጪ አሉኝ። የጻፍኩትን ጥያቄ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ፖሊሷን አልፎ አልፎ የደቻቱ ድልድይ ላይ አገኛታለሁ። እንዴት ዋልሽ እላታለሁ፣ እግዜር ይመስገን ትለኛለች፤ እንተላለፋለን። ያየኝ ሰው ይቅር ያልኳት ይመስለዋል። አላልኳትም። እሁድ እሁድ ግን ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ስለተራበና ስለተጠማ ሲሰበክ ከፊት ቆሜ በአዎንታ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሰባኪው ጠላትን ስለመውደድ ሲጀምር ጫማዬን ፍለጋ እወጣለሁ።