አንዴ ብቻ የተለካው ውሃ

ለኪው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የወደቡን መግቢያ ጥልቀት በሶናር ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ከጀልባው ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ የባሕሩን ወለል ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይዞ ጥልቀቱን ያሰላል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ችግሩ፣ ባሕሩ ሲሞላ ጨዋማ ውሃ ይገባና ድምፅ ይፈጥናል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ደግሞ የወንዙ ውሃ ቦታውን ይይዝና ድምፅ ይዘገያል። ስለዚህ የድምፁን ፍጥነት የሚለካው መሣሪያ ባሕሩ በተለወጠ ቁጥር በገመድ መውረድ አለበት። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች እየጮኸ የሚያስተምረው ራሱ ነበር።

አንድ ቀን ግን ጠዋት፣ ባሕሩ ሞልቶ ሳለ፣ አንዴ አወረደና ከሰዓት ባሕሩ ሲሸሽ ሰነፈ። ሌላ ስም የለውም፤ ሰነፈ። በጠዋቱ ፍጥነት የከሰዓቱን ውሃ ስላሰላ፣ ካርታው መግቢያውን ከእውነቱ በስንዝር ተኩል ያህል የጠለቀ አድርጎ አሳየ። በሳምንቱ አንድ የጭነት መርከብ እዚያው ቦታ ላይ ወለል ነክቶ ቆመ። መርከቡን እየመሩ ወደ ወደቡ ሲያስገቡ የነበሩት የታላቅ እህቱ ባል ናቸው፤ ካርታው ስለታመነ ጥፋተኛ የተባሉትም እሳቸው።

ለኪው የዚያኑ ዕለት ማስታወሻውን ገልጦ ጥፋቱን አየ፤ አይቶም ዋጥ አደረጋት። ይባስ ብሎ አደጋውን ለማጣራት በተጠራው ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ "እሳቸውም ሰው ናቸው፤ ቢሳሳቱ ይቅር ይባሉ" ሲል ተማጸነ። አያፍርም! ባልየው ከሥራ ታገዱ። እህቱ ግን "አንተ ባትኖር ማን ይናገርልን ነበር?" ብላ ጉንጩን ሳመችው። ያ መሳም ሲከነክነው ከረመ።

ከስድስት ወር በኋላ፣ እሑድ እንደ ልማዱ ለምሳ ወደ እህቱ ቤት ሲሄድ፣ ባልና ሚስቱን ዕቃ ሊገዙ በመኪና ሲወጡ ደጃፍ ላይ አገኛቸው። የምትነዳው እህቱ ነበረች።

"ጋሼ፣ መንዳት ተዉ እንዴ?"

"እጄን አላምነውማ" አሉ ባልየው፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። "የልጅ ልጄንም ታቅፌ ደረጃ አልወጣም። ያን ቀን ሁሉን በደንብ የሠራሁ መስሎኝ ነበር እኮ።"

ለኪው የመኪናውን መስኮት ተደግፎ ስንፍናውንም፣ የደበቀውን ማስታወሻም፣ ሁሉንም ዘረገፈው። እህቱ ሞተሩን አጠፋች።

"ማስታወሻውን ነገ ጠዋት ለኃላፊዎቹ እሰጣለሁ" አለ።

ባልየው ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። አልሰደቡትም።

"ሥራውስ ይቅር። እኔ ከገዛ እጄ ተጣልቼ ስኖር አንተ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እዚህ ምሳ ስትበላም?"

"አውቅ ነበር፣ ጋሼ።"

ባልየው ወርደው መኪናውን ዞሩና ሚስታቸውን "ተጠጊልኝ፣ እኔ ልንዳ" አሏት። እሷም ወደ ጎን ተሻገረች፤ ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም።