ለኳስ የተላኩ ሽማግሌዎች

የዚያን ቀን ሸዋ ሮቢት ግቢያችን ውስጥ የነበርነው አባቴ፣ እናቴ፣ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኛችን ቲቸር ሰናይት፣ እሷ ያመጣቻቸው ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ ነን። ዛሬ ልጄ ኳስ ስታነጥር ድምፁ ሁሉንም መልሶ አመጣብኝ።

ሙቀቱ ያቃጥላል። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ በር ላይ ቆመው አንቀመጥም አሉ። እናቴ ደንግጣ እኔን ወደ ጓዳ ገፋችኝ።

አባቴ፣ "ልጄ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ለማን ልጅ ነው የመጣችሁት?" አለ።

"ለባል አይደለም ጋሼ" አለች ቲቸር። "ደብረ ብርሃን ለውድድር እንድወስዳት እንዲፈቅዱልኝ ነው። ብቻዬን ስመጣ እምቢ አሉኝ።"

አንደኛው ሽማግሌ፣ "እኔ ደግሞ ለጋብቻ መስሎኝ በዚህ ሙቀት ጋቢ ደርቤ!" ብለው ሳቁ።

አባቴ አልሳቀም። "ለባል ቢሆን ትደግ ብዬ ቀጠሮ እሰጥ ነበር። ለኳስ ግን አልሰጥም።"

እንግዶቹ ሲወጡ ከጓዳ ሮጬ ቲቸር ላይ በሩ ጋ ደረስኩባት። ልብሷ ላብና የጋለ ጎማ ይሸታል። "ያለ አንቺ ተጫዋቾቹ አራት ናቸው፤ በአራት ሜዳ አይገባም" አለችኝ። ቀጥላም ለራሷ፣ "በየቤቱ መለመን ሰለቸኝ" አለች። የተቆጣችኝ መስሎኝ አለቀስኩ። ቡድኑ ሳይሄድ ቀረ፤ እሷም በዓመቱ ከተማውን ለቀቀች።

አሁን ልጄም ለውድድር ልትሄድ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን የሚያወጣውን ገደላማ የጣርማ በር መንገድ ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ፤ ደክሞኛል፤ ግን የፈቃድ ወረቀቱን ፈርሜላታለሁ።

ቲቸር ሰናይት የት እንዳለች፣ አሁንም ታሠለጥን እንደሆነ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።