የአሊስተር ጎርሌይ ሠላሳ አንድ ደብተሮች

አሊስተር ጎርሌይ ዕድሜውን በሙሉ ኒውዚላንድ ባለችው ራንፈርሊ ከተማ ውስጥ የበግ ፀጉር ደረጃ ሲያወጣ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሰው እያናገረው እንኳ ቀና ብሎ ሰማዩን የሚቃኝ ሽማግሌ ነው። አሁን ግን ቢቃኝም ከንቱ ነው። የዓይኖቹ መሃል ጠፍቶ የሚታየው ጠርዝ ጠርዙ ብቻ ነው። የቀሩለት ጓሮው ካለችው ጎጆ ሆኖ በቴሌስኮፕ እያየ በአርባ ዓመት ውስጥ የሞላቸው ሠላሳ አንድ ደብተሮች ናቸው። ዌሊንግተን ያለው ማኅደር መልክ ይዘው ከመጡለት እቀበላለሁ ብሏል።

መልክ የማስያዙን ሥራ የያዘችው ሮና ማካለም ናት፤ የሰባት አባላት የኮከብ ተመልካቾች ማኅበራቸው ጸሐፊ፣ የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቅቤ የተቀባ የአይብ ጥቅልል ዳቦ ይዛ ትመጣለች። ቅቤ የነካው እጅ ግን ደብተር አይነካም፤ የባለቤቱም ቢሆን።

«ስማ እንግዲህ» አለች እያነበበች። «ሚያዝያ ሦስት፣ ደመና። ሚያዝያ አራት፣ ደመና። ሚያዝያ አምስት፣ ፖሰም የሚሉት የሌሊት አውሬ ዛፍ ላይ ሆኖ ቴሌስኮፑ ላይ ሸና። ይሄን የት ላስገባው?»

«የአየር ጠባይ ውስጥ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ቀልዱን ተው።»

«መጀመሪያ ዝናብ ነው የመሰለኝ እኮ።»

አሊስተር የሚከታተለው ጥንድ ኮከቦችን ነበር። አንዱ ሌላውን ሲጋርደው ብርሃናቸው ይደበዝዛል፤ እሱም ከሁሉ ይበልጥ የደበዘዙባትን ደቂቃ ይጽፋል። ሥራው በሙሉ ያቺ ደቂቃ ናት፤ እሷ ከተሳተች የቀረው ወሬ ነው።

ሮና ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ላይ፣ ያቺን ደቂቃ አስቀድሞ ከሚተነብየው ስሌት ጎን ስትደረድር ቆይታ አንዱን ዓመት ድምፅ አሰምታ ደግማ ቆጠረች።

«ምን ተገኘ?»

«በ1994 ከጥቅምት ጀምሮ የጻፍከው ሁሉ አንድ ሰዓት ትርፍ አለው። ልክ አንድ ሰዓት።»

«ቀንሺዋ።»

«በቀጣዩ ዓመት ትርፉ የለም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ እስከ ገና ድረስ አለ፣ ከዚያ ይጠፋል። በምንድን ነበር የምትጽፈው?»

«በግሪንዊች ሰዓት ነዋ። ጎጆው ግድግዳ ላይ ባለው ሰዓት።»

ቃሉ አፉ ላይ እንዳለ ነገሩ ገባው። ኮከብ ተመልካች ሁሉ የሚጽፍበት የእንግሊዙ የግሪንዊች ሰዓት ከኒውዚላንድ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ በግድግዳ ሰዓት ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ሚስቱ ሙሪየል ደግሞ በየጥቅምቱ አገሩ ለበጋ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ሲያደርግ የሳሎኑንም የማድ ቤቱንም ሰዓት አንድ አንድ ሰዓት እየገፋች ቤቱን ትዞር ነበር። አንድ ቀን ሻይ ይዛለት ጎጆው ገብታ «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቶ አስተካከልኩልህ» ያለችው ትዝ አለው። ዓይኑን ከኮከቡ ሳይነቅል አመስግኗታል።

አንዳንዱን ዓመት ከሬዲዮ የሰዓት ምልክት ጋር ሲያመሳክር ሰዓቱን መልሶታል፤ የትኛውን ዓመት እንደሆነ ግን አልጻፈም። በመጋቢት እሷ መልሳ ትጎትተዋለች፤ እሱ ቀድሞ መልሶት ከሆነ ክረምቱም አንድ ሰዓት ጎድሎ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሙሪየል ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደነካችው የሚጠየቅ የለም። ይህንኑ ለሮና ነገራት።

«ትርፍ ያለበትን ስሌቱን እያየን እንቀንሰው» አለች ሮና ቀስ ብላ። «ማን ያውቅብናል?»

«ስሌቱን ለመፈተን እኮ ነው ያየሁት። በስሌቱ ካረምኩት ምን አየሁ ልል ነው?»

«ሠላሳ አንድ ደብተር ነው፣ አሊ።»

«ቆጥሬዋለሁ።»

ለአፍታ በሞተች ሴት ላይ ንዴቱ ገነፈለ፤ ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ። ያ ሁሉ ብርድ፣ ያ ሁሉ የጣት ድንዛዜ ለምንም እንዳልሆነ አወቀው፤ እንደገና የሚያይበት ዓይን ደግሞ የለውም።

«ለማኅደሩ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«አይጠቅሙም በይ።»

«ቅጹ ምክንያት ይጠይቃል።»

«የታዛቢው ስህተት በይ።»

«ያንተ አይደለም እኮ፣ አሊ።»

«የታዛቢው በይ አልኩሽ። የእሷ ስም እዚያ ወረቀት ላይ አይገባም።»

ሮና ጻፈች። ከዚያ እጁን ይዛ ጣቱን መፈረሚያው መስመር ላይ አኖረችለት፤ እሱም ፈረመ።